ከባሕር የራቁት የኦሃዮ ወንዝ መርከብ ሠሪዎች

መርከብ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ወደብ ነው። በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት የምትገኘው ጄፈርሰንቪል ግን በወንዝ መስመር ከባሕር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ መርከብ ስትሠራ ኖራለች።

ጄምስ ሃዋርድ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1834 ነበር። እንጨቱ ከአካባቢው ደን ይገኛል፤ ወንዙም የዘመኑ አውራ ጎዳና ነው። በኋላ ባቡር መጥቶ የእንፋሎት ጀልባዎቹን ገበያ ወሰደ።

እኔን እንደ መሐንዲስ የሚማርከኝ አሠራሩ ነው። ወንዝ ጥልቀት ስለሌለው የመርከቡ ሆድ ጠፍጣፋ ይደረጋል። ወንዝ እንደ ባሕር ሰፊ ስላልሆነም መርከቡ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ይሠራና በጎኑ ተንሸራቶ ውኃ ይገባል።

ይህ ሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእጅጉ ተፈለገ። ታንክ ጭነው የባሕር ዳርቻ ላይ የሚያራግፉ፣ 100 ሜትር የሚረዝሙ መርከቦችን ጄፈርሰንቪል 123፣ ኢቫንስቪል ደግሞ 167 ሠሩ። መርከቦቹ በሚሲሲፒ ወንዝ በኩል ወደ ባሕር ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ጄፍቦት ተብሎ የጭነት ጀልባዎችን ሲሠራ ቆይቶ በ2018 ተዘጋ። ክሬን ገንዘብ ካለ ይገዛል፤ የተበተነ በያጅ ግን በቀላሉ አይሰበሰብም። ስለዚህ ፋብሪካ ስንቆጥር ሙያተኛውንም አብረን እንቁጠር።

ሉዊቪል የምትኖሩ ወገኖች ወንዙን ብትሻገሩ፣ የሃዋርድ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረው ቤት ሙዚየም ሆኖ ታገኙታላችሁ።