የባክቴሪያ ሽፋንን (ባዮፊልምን) የሚከላከሉ ኬሚካሎች፦ የውኃና የምግብ ዕቃ ንጽሕና በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች

መግቢያ

መተማና ቋራን የመሳሰሉ የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች በሰሊጥ አምራችነታቸው ይታወቃሉ። በአጨዳ ወቅት በርካታ የቀን ሠራተኞች ወደ አካባቢው ይመጣሉ፤ የመጠጥ ውኃቸውንም በጀሪካን ይዘው ማሳ ላይ ይውላሉ። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ብዙ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በኩመር የስደተኞች ጣቢያ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቷል። ሙቀትና የውኃ እጥረት በሚያይሉበት አካባቢ የውኃ መያዣ ንጽሕና ሕይወትን የሚያድን ተግባር ነው።

ባዮፊልም ምንድን ነው?

ለብዙ ቀናት ሳይታጠብ የቆየ ጀሪካን ውስጡ ሲዳሰስ ያሟልጫል። የሚያሟልጨው ሽፋን ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎች ከዕቃው ገጽ ላይ ከተጣበቁ በኋላ በአብዛኛው ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ዝልግልግ መሸሸጊያ ያመነጫሉ። የኮሌራ ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላ፣ ኢ.ኮላይና ሊስቴሪያ ይህን ሽፋን መሥራት ይችላሉ። በሽፋኑ ውስጥ የተሸሸጉት ተሕዋስያን ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካሎችን በእጅጉ ይቋቋማሉ፤ በዕቃው ንጹሕ ውኃ ቢቀዳበትም እየተላቀቁ መልሰው ይበክሉታል።

የሚከላከሉ ኬሚካሎች

• በረኪና (ሶዲየም ሃይፖክሎራይት)፦ የባክቴሪያውን ሕዋስ ያጠፋል። ሆኖም በቆሻሻና በዝልግልጉ ሽፋን ላይ ስለሚባክን፣ ዕቃው አስቀድሞ ካልታጠበ ኃይሉ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ያልቃል።
• ፐርአሴቲክ አሲድ፦ በወተትና በመጠጥ ፋብሪካዎች ቧንቧዎችንና ጋኖችን ለማጽዳት ያገለግላል፤ ለቤት አገልግሎት አይመከርም።
• የዕፅዋት ውህዶች፦ በጦስኝ የሚገኙት ካርቫክሮልና ታይሞል በቤተ ሙከራ ባዮፊልምን እንደሚገቱ ታይቷል። የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠንም በጭሱ ያሉት ፌኖሎች የባክቴሪያን ዕድገት ያዘገያሉ። ይህ ግን ዕቃውን ከማጠብ ጋር የሚደረግ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ጀሪካንን የማጽዳት ቅደም ተከተል

1. ሳሙና፣ ጥቂት ውኃና የታጠበ ደቃቅ ጠጠር ጨምረው ሽፋኑ እስኪለቅ በኃይል ይናጡ፤ ክዳኑንና አፉንም ይፈትጉ።
2. በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ።
3. በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና በጥብጠው ይጨምሩ፤ ውስጡን ሁሉ እንዲያዳርስ ነቅንቀው ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ያቆዩት።
4. ብጥብጡን ደፍተው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፤ ዘቅዝቀውም ያድርቁ። ባዮፊልም ያለ እርጥበት አያድግም።
5. ውስጡ የተቧጨረ ወይም የተሰነጠቀ ጀሪካንን ይቀይሩ።

ማጽዳቱ ዕቃውን እንጂ ውኃውን አያክምም። የመጠጥ ውኃን ያፍሉ፤ ወይም ለውኃ ማከሚያ የተዘጋጀ ክሎሪን በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው ከመጠጣትዎ በፊት 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ጥንቃቄ

• በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል።
• ሙቀትና ብርሃን የበረኪናን ኃይል ያዳክማሉ። ስለዚህ ክዳኑን ገጥመው በጥላና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ ብጥብጡንም በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ።

በድንገት የጀመረ ብዙ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ካጋጠመ ለሕመምተኛው ወዲያውኑ ኦአርኤስ መስጠት ይጀምሩ፤ ሳይዘገዩም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።