ከዕውራን ከተማ ማዶ

ስለ ቁስጥንጥንያ ያነበብን ሁሉ የምናስታውሰው ቅጥሯን፣ ቤተ መንግሥቶቿንና ሐጊያ ሶፊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1453 ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ ቅጥሩን በመድፍ ደርምሶ እንደ ገባባትም እናውቃለን። እኔ ግን የዚህችን ከተማ ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ዐይኔ የሚያርፈው ከቅጥሩ ሥር በሚተኛው ውኃ ላይ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ ከቄሣርም ከሱልጣንም በፊት ሲመላለስ የኖረ፣ ለከተማይቱ መክበርም ምክንያት ከሆኑት አንዱ የነበረ ፍጥረት አለ፤ ዓሣ።

ነገሩ የሚጀምረው በስድብ ነው። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ የጦር አለቃ ሜጋባዙስ ወደ ባይዛንቲየም (የኋላዋ ቁስጥንጥንያ) በደረሰ ጊዜ፣ ከማዶ ያለችው ኬልቄዶን 17 ዓመት ቀድማ መቆርቆሯን ሰማ። ይህን ያህል ያማረ ቦታ ፊት ለፊታቸው እያዩ የባሰውን የመረጡ ሰዎች ያን ጊዜ ዕውሮች መሆን አለባቸው ሲል ተሳለቀባቸው። እኛ በ451ዱ ጉባኤ ስሟን የምናውቃት ኬልቄዶን እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ዘመን አስቀድሞ «የዕውራን ከተማ» ተብላ ነበር።

የዕውርነቱን ትርጉም የሚገልጽልን ግን የመልክዐ ምድር ሊቁ ስትራቦ ነው። እርሱ እንደሚለው፣ ዓሦች ከጥቁር ባሕር በቦስፎር በኩል ሲወርዱ በኬልቄዶን ዳርቻ ወደ ባሕሩ ከገባ ነጭ ዐለት ደንግጠው ወደ ማዶው ይሸሻሉ፤ በዚያም ኃይለኛው ፈሳሽ ተቀብሎ «ቀንድ» ወደሚባለው የባይዛንቲየም ወደብ ይነዳቸዋል። በጠባቡ ወደብ ከመጨናነቃቸው የተነሣ በእጅ እስከ መያዝ ይደርሱ ነበር። ኬልቄዶናውያን ሲሳዩ በደጃቸው ሲያልፍ እያዩ አንዲት አያገኙም። የባይዛንቲየም መሥራቾች አፖሎንን በጠየቁ ጊዜ ከዕውራን ማዶ ስፈሩ የተባሉትም ስለዚሁ ነው ይላል።

ይሁንና ስትራቦ የሚያወራለት በእጅ የሚለቀም፣ ከቱና ወገን የሆነ አነስተኛ ዓሣ ነው። ትልቁ ቱና ግን ሌላ ነው። ቁመቱ እስከ 3 ሜትር፣ ክብደቱም ከ600 ኪሎ በላይ የሚደርስ፣ ደሙ ከሚዋኝበት ውኃ ይልቅ የሚሞቅ፣ እንደ ተወረወረ ጦር የሚፈጥን ዓሣ ነው። በጸደይ ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጥቁር ባሕር ይወጣ፣ ኋላም ይመለስ ነበር። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው፣ በጠበበበት ስፍራ 700 ሜትር የማይሞላው ቦስፎር። አርስጣጣሊስ ይህ ዓሣ ወደ ጥቁር ባሕር ሲገባ በስተ ቀኝ ያለውን ዳርቻ ተጠግቶ የሚሄደው በቀኝ ዐይኑ ይበልጥ ስለሚያይ ነው የሚል ግምት ጽፎልናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዲህ ዓሣውም ቢሆን ከዕውርነት ሐሜት አላመለጠም!

ይህን ዓሣ ማን ይይዘዋል? መርከብና ጀልባ በሚተራመስበት ወደብ ላይ አሳድዶ የሚደርስበት ቀዛፊ የለም። ስለዚህ ሰዎች ማሳደዱን ትተው ማየትን ተማሩ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዓሣ ማጥመድ ረጅም ግጥም የጻፈው ኦፒያን፣ ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የመንጋውን ዓይነትና ብዛት ለይቶ ለባልንጀሮቹ የሚነግር ሰው ነበረ ይለናል። ከ1,000 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የኦቶማኑ ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ ይኸንኑ ሰው በቤይኮዝ ዳርቻ አገኘው። በመርከብ ምሰሶዎች በተሠራ ከፍተኛ ማማ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ቱናው ሁሉ በዚያ መንገድ የሚመላለሰውን ባለ ሰይፍ አፍ ዓሣ ይጠባበቃል። ዓሣው ከጥቁር ባሕር ሲመጣ ባየ ጊዜ ድንጋይ ይወረውራል፤ ዓሣው ከድንጋዩ ሲሸሽ ከመረቡ ይገባል። ይህን በምሰሶ የተተከለ ወጥመድ ቱርኮች «ዳልያን» ይሉታል።

ይህን ሳነብ የአገሬ የማሽላ ጠባቂ በዐይነ ኅሊናዬ ይመጣብኛል፤ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ ቀኑን ሙሉ አድማስ አድማሱን የሚያየው። የእኛው ድንጋይ የሚወረውረው ወፉ እንዲርቅለት ነው፤ የቦስፎሩ ግን ዓሣው እንዲገባለት። የስትራቦ ነጭ ዐለት በተፈጥሮ ያደርገው የነበረውን፣ ማማው ላይ ያለው ሰው በአንዲት ድንጋይ ያደርገዋል። የኬልቄዶን ዕውርነት በከተማ ስም ተጽፎ ሲቀር፣ የዚህ ሰው ዐይን ግን ለልጅ ብቻ የሚወረስ ዕውቀት ነበረ። ነገሥታት በተፈራረቁበት፣ ሃይማኖትና ቋንቋ በተለወጠበት ከተማ እርሱ ከማማው አልወረደም። የታሪክ ጸሐፍት ስሙን ስላልመዘገቡት ብቻ ከነገሥታቱ ያነሰ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1915 የኢስታንቡል የዓሣ ገበያ ሹም የነበረው አርመናዊው ካረኪን ዴቬጂያን ስለ ቱርክ ዓሦችና ዓሣ አጥማጅነት የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ዳልያኖቹ ገና ነበሩ። ያ መጽሐፍ ዛሬ ሲነበብ እንደ ሙሾ ይሰማል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች፣ መንጋን በአንድ ጊዜ የሚከብቡ ሰፋፊ መረቦች፣ በድምፅ ማዕበል ከውኃ በታች ያለውን የሚያሳዩ መሣሪያዎች መጡ። ዳልያን ባለበት ተተክሎ የሚመጣለትን ብቻ ይቀበል ነበር፤ አዲሱ መሣሪያ ግን ዓሣው ወዳለበት ሁሉ ይሄዳል። የባሕሩም ውኃ ቆሸሸ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው ቋጥረው በሚያመጡት ውኃ ከአሜሪካ ዳርቻ የተሻገረ አንድ ዝልግልግ ፍጥረት ጥቁር ባሕርን ወርሮ የዓሦችን ዕንቁላልና ምግብ ይበላ ጀመር። በዚያው ዐሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ ትልቁ ቱና በቦስፎር መመላለሱን ተወ። ሊቃውንቱ ከምክንያቶቹ የትኛው ይበልጥ እንደ ጎዳው ዛሬም ይከራከራሉ። አባቶቻችን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ የቦስፎሩ ጎርጓሪ ያወጣው ግን ባዶ መረብ ነው።

የሚያሳዝነኝ የዓሣው መጥፋት ብቻ አይደለም። ዓሣው ሲቀር የማማው ሰው ዐይንም አብሮ ቀረ፤ ነፋሱን ከውኃው ቀለም፣ የውኃውን ቀለም ከመንጋው ጥላ የሚለየው ዐይን። ያ ሰው ያዝ ያደረገውን ያህል የሚያልፈውንም ያይ ነበር፤ ካመለጠው መንጋ ለከርሞ ተስፋ ነበረው። የእኛ ዘመን መሣሪያ ከእርሱ ዐይን ይልቅ አርቆና ጠልቆ ያያል፤ ነገር ግን የመጨረሻው መንጋ ሲያልፍ የመጨረሻው መሆኑን ያየ አልነበረም።

ዛሬ በጋላታ ድልድይ ላይ አጥማጆች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ጣት የሚያህሉ ዓሦችን ያወጣሉ፤ ከሥራቸው የመንገደኛ ጀልባዎች ይተላለፋሉ፤ በቦስፎርም በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ይመላለሳሉ። የጥንቷ ኬልቄዶን ካዲኮይ ተብላ የዚያችው የኢስታንቡል አንድ ሰፈር ሆናለች። ሁለቱ ዳርቻዎች አንድ ከተማ ናቸው። ሜጋባዙስ ዛሬ ተነሥቶ በድልድዩ ላይ ቢቆም፣ ዕውር የሚለው የትኛውን ዳርቻ ይሆን?