ሸክላና ትራንስፎርመር

የሸክላ ታሪክ በኢትዮጵያ ሲነሣ አስቀድመው የሚጠቀሱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ዜማቸውን ያስቀረጹት እኒህ ሰው ወደ ጀርመን የተላኩት ለመዝፈን ሳይሆን የአውቶሞቢል ሞያ ለመማር ነበር፤ ስለዚህ የማኅበራችን አባላት እንደ ባልደረባ ቢቆጥሯቸው አግባብ ነው። በዚያን ጊዜ ቀረጻ ኤሌክትሪክ አያውቅም ነበር። የሰውየው ድምፅ በጡሩምባ መሳይ ቱቦ አልፎ መቅረጫውን መርፌ በራሱ ጉልበት ያንቀሳቅስ ነበር።

ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን በውጭ አገር አሳትሞ አወጣ። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሸክላውም ከየቤቱ ወደ ሣጥን ገባ። ዛሬ ያንን ድምፅ ወደ ዲጂታል ለማዛወር የተነሣ ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ዋናውን ቴፕ ሳይሆን የተፋቀ ሸክላ ነው። ከቦዩ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ በካርትሪጁና በትራንስፎርመሩ መስማማት ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

ኦርቶፎን የተባለው የዴንማርክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ኤስ ፒ ዩ የጥቅልሉ ተቃውሞ 2 ኦም ያህል ነው። በ1960ዎቹ በጃፓን ለስርጭት ጣቢያ የተሠራው ዴኖን ዲ ኤል 103 ግን 40 ኦም ሲሆን የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ነው። ተራው ማጉያ ወደ 5 ሚሊቮልት ይጠብቃል፤ መግቢያውም 47 ኪሎ ኦም ነው። ጥምጥሙ 1 ለ 30 የሆነ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን 30 ጊዜ ሲያሳድግ፣ ጭነቱን ግን በ900 አካፍሎ ወደ 52 ኦም ያወርደዋል። ለኦርቶፎኑ ይህ ይበቃል። ዴኖኑን ብንገጥምበት ግን ከመነጨው ቮልቴጅ 43 በመቶው እዚያው ጥቅልሉ ውስጥ ይቀራል።

የባሰው ጉዳት ድምፁ ማነሱ አይደለም። የአንደኛው ወገን ጥምጥም ኢንዳክታንስ 0.1 ሄንሪ ነው እንበል። ከኦርቶፎኑ ጋር የታችኛው ወሰን 3 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ከዴኖኑ ጋር ወደ 36 ኸርዝ ይወጣል። የባስ ጊታር ዝቅተኛ ክር 41 ኸርዝ ነውና ከ2 ዲሲቤል በላይ ይጎድለዋል። አድማጩም «የድሮ ቀረጻ ባስ የለውም» ብሎ ይፈርዳል፤ ሸክላው ግን ባሱን ይዞታል። ለዴኖኑ 1 ለ 10 ይሻላል፤ ጭነቱ 470 ኦም፣ ውጤቱም 2.8 ሚሊቮልት ያህል ይሆናል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ኤሌክትሪክ ዘግይቶ ስለደረሰ ማሲንቆ በሠርግ ቤት ፊት ለፊት ሲደመጥ ኖሯል። የወገዳ ሰው ታዲያ የፈረስ ጭራው በክሩ ላይ ሲፍተለተል የሚሰማውን ሻካራነት በጆሮው ያውቀዋል፤ በእኔ አስተያየት ለካርትሪጅ ፍተሻ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለም። ጭነቱ ሳይስማማ ቀርቶ የላይኛው ድምፅ ሲደፈን ማሲንቆው ዋሽንት ይመስላል፤ ሲጮኽ ደግሞ ምስማር በቆርቆሮ ላይ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ትራንስፎርመሩ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ስለሚስብ ከማጉያው የኃይል ክፍል መራቅ አለበት። ሸክላው ከመቀመጡ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጉምጉምታው እስኪጠፋ ድረስ ትራንስፎርመሩን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው።