እሺታ እንበለው

በቀደም አንድ ወዳጄ «አማርኛውን እስቲ እይልኝ» ብሎ ሁለት ቅጽ ላከልኝ። ሁለቱም በልጆች ላይ ለሚደረግ የሕክምና ጥናት የተዘጋጁ ናቸው፤ አንዱን ወላጅ፣ ሌላውን ልጁ ራሱ ይፈርመዋል። የወላጁ ራስጌ «በመረጃ ላይ የተመሠረተ የስምምነት ቅጽ» ይላል። ቢንዛዛም ለምደነዋልና አለፍኩት። የልጁን ስገልጥ ግን «የንዑስ ስምምነት መስጫ ቅጽ» የሚል ጠበቀኝ። ግርጌው ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲፈርምበት የተጻፈው ይህ ነው፦ «በጥናቱ ለመሳተፍ ንዑስ ስምምነቴን በፈቃደኝነት ገልጫለሁ።» የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ይቅርና እኔም ብሆን ምን እንደገለጽኩ አላውቅም።

ለወዳጄ ስደውልለት «እኛ አላመጣነውም፤ ከሌላ ቅጽ ላይ የወሰድነው ነው» አለኝ። ይኸው ነው የሚያስፈራው። ቅጽ ከቅጽ ይገለበጣል፤ ዛሬ ያልታረመ ቃል ነገ «የሙያ ቃል» ተብሎ ይከበራል።

«ንዑስ ስምምነት» ሊተካ የተነሣው የእንግሊዝኛውን «አሰንት» ነው። ነገሩ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ዐዋቂ ሰው ለሕክምናም ሆነ ለጥናት ስለራሱ ይስማማል፤ ይህ «ኮንሰንት» ነው። ልጅ አካለ መጠን እስኪያደርስ ድረስ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይፈቅድለታል። ልጁ ደግሞ ነገሩ በዕድሜው ልክ ተነግሮት በገዛ አፉ የሚሰጠው መልስ «አሰንት» ይባላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መግለጫ ሦስቱን በሦስት ስም ለይቷቸዋል። ወላጅ ስለ ልጁ የሚሰጠውን «ኮንሰንት» ማለት አይገባም፤ ሰው የሚስማማው ስለራሱ ብቻ ነውና፤ የወላጅ ድርሻ መፍቀድ ነው ይላል።

ልዩነቱ የመጣው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የራስን ስምምነት የግድ ሲያደርግ ስለ ልጆች ያለው ነገር አልነበረም። በኒውዮርኩ የዊሎውብሩክ ተቋም ከ1956 ጀምሮ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ለጥናት ሲባል ሆን ተብሎ የጉበት በሽታ ቫይረስ ይሰጣቸው ነበር። የወላጅ ፊርማ አለ ተብሏል፤ ልጆቹን የጠየቀ ግን የለም። ከዚህና ከመሰሉት በኋላ በ1977 አንድ ብሔራዊ የአሜሪካ ኮሚሽን ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይጠየቅ ሲል መከረ። የእኛ ሰው «ነፍስ ያወቀ ልጅ» የሚለው በዚያው ግድም ነው። «አካለ መጠን» ቁመቱን ይለካል፤ «ነፍስ ማወቅ» ልቡናውን። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ሁለተኛው መለኪያ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ስምምነት» የ«ሰማ» ዘር ነው። ስልክ ሲቆራረጥ «አንሰማማም» እንላለን፤ ሐሳብ ሲለያይ «አንስማማም»። በመካከላቸው ያለው የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው። «ስሜት»ም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። የሚገርመው፣ ላቲኑም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ «ኮንሰንት»ም «አሰንት»ም መነሻቸው መሰማት፣ ስሜት የሚል ቃል ነው። የመጀመሪያው አብሮ መሰማት፣ ሁለተኛው ወደ ሌላው ሐሳብ በስሜት መጠጋት ነው። ስለዚህ «ስምምነት» ለዐዋቂው መልካም ትርጉም ነው፤ ማንም አይንካብን። ለልጅ ግን ይከብዳል። የሰላም ስምምነት፣ የሥራ ስምምነት፣ የኪራይ ስምምነት የምንለው አቻ ለአቻ ተቀምጠው የሚዋዋሉ ሰዎች ሲኖሩ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅና ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም አቻ አይደሉም።

«ንዑስ» ተጨምሮበት አይቀልም። ንዑስ ኮሚቴ የኮሚቴ ቅንጣቢ ነው፤ ዕድሜው የፈቀደለትም ንዑስ ከበርቴን ያስታውሳል። «ንዑስ ስምምነት» እንግዲህ ያልሞላ ስምምነት፣ ግማሽ ፊርማ ሊሆን ነው። የልጁ መልስ ግን የወላጁ ፈቃድ ቁራጭ አይደለም፤ ለብቻው የቆመ ነገር ነው። በዓለም የሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ መሠረት ሐኪሙ መልስ መስጠት የሚችለውን ልጅ ከወላጁ ፈቃድ በተጨማሪ ሊጠይቀው ግድ ነው፤ እምቢ ካለም እምቢታው ይከበርለታል።

«ይሁንታ» የሚሉም አሉ። ያማረ ቃል ነው፤ «ይሁን» ከማለት የወጣ። ነገር ግን ዜና አንባቢዎች ወስደውታል። ቦርዱ ይሁንታ ይሰጣል፣ ምክር ቤቱ ይሁንታውን ይነፍጋል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ሆኗል። ሕፃናት ክፍል አልጋ ላይ የተኛች ልጅ ለሲስተር «ይሁንታዬን ሰጥቻለሁ» ስትል ይታያችሁ። «ፈቃድ»ን ደግሞ ለወላጅ እንተውለት። በግእዝ መሻት፣ መውደድ የነበረው ቃል ዛሬ የመንጃ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ሆኗል፤ በእጁ ያለ ሰው ለሌላው የሚሰጠው ነገር ነው። ለወላጅ ልኩ ነው። «አሰንት»ን እንዳለ እንውሰድ የሚሉትን አልነቅፍም፤ ሆስፒታልንም ክሊኒክንም ወስደናል። ይሁንና ትርጉሙ ሁሉ ልጁ እንዲገባው በሆነ ነገር ላይ ልጁ የማያውቀውን ስም መለጠፍ ነገሩን ከሥሩ ያፈርሰዋል።

የእኔ ምርጫ «እሺታ» ነው። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ መንገዱን ሰዋስዋችን ራሱ ጠርጎታል። ዝም አለ፣ ዝምታ። ጸጥ አለ፣ ጸጥታ። ደስ አለ፣ ደስታ። ፈገግ አለ፣ ፈገግታ። ቸል አለ፣ ቸልታ። እምቢ አለ፣ እምቢታ። ታዲያ እሺ አለ፣ እሺታ ቢሆን ማን ይገረማል? ልጅ በአፉ የሚለውን ቃል ይዞ የተሠራ ስም ነው። ተቃራኒውን ፍለጋም አንደክምም፤ እንግሊዝኛው «ዲሰንት» የሚለው «እምቢታ» ሆኖ አብሮ ይመጣል።

ይህን ሐሳብ ለአንዲት የሕፃናት ነርስ ሳጫውታት ያልጠበቅኩትን መለሰችልኝ። «እሺማ ይሉናል! ችግሩ እሱ አይደል?» አለች። እውነቷን ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባለ ያደገ ልጅ ለትልቅ ሰው ሁሉ እሺ ይላል። እሺ ባይ ልጅ በእኛ ዘንድ የተመሰገነ ልጅ ነው። «እሺ ነገ» ደግሞ እምቢታ ሲሆን ስንቴ አይተናል። «እሺታ» ብንለው መታዘዝን መስማማት ብለን መዘገብን ማለት አይደለምን?

ብዙ አሰብኩበት። መልሴ ይህ ነው፦ አደጋው ቃሉ ውስጥ አይደለም፤ አስተዳደጋችን ውስጥ ነው፤ «ንዑስ ስምምነት» ያልነው እንደሆነ ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። ልጁ ያው አንገቱን ደፍቶ ይፈርማል፤ እኛም በትልቅ ቃል ተታልለን ነገሩ የተጣራ ይመስለናል። «እሺታ» ግን የሚጠይቀውን ሰው ያስጠነቅቀዋል፤ የሰማው እሺ የየትኛው ዓይነት እሺ እንደሆነ እንዲጠራጠር ያደርገዋል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን አይጻፍ፤ «የእሺታና የእምቢታ ቅጽ» ይባል። እምቢ ማለት እንደሚቻል ራስጌው ላይ ያነበበ ልጅ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እምቢ ማለት ነውር ያልሆነበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ሲባል ልጅ እምቢ ባለ ቁጥር መርፌው ይቀራል ማለት አይደለም። ሕይወት አድን ሕክምና ላይ የወላጅና የሐኪም ቃል ይቀድማል። ያው የ1995 መግለጫ ግን አንድ ጨዋነት አስተምሮናል፦ መልሱን ከልብህ ካልመዘንከው አትጠይቅ፤ እምቢ ቢልም የማይቀር ከሆነ እንደማይቀር ንገረው እንጂ አታታለው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1983 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ደንብ «አሰንት»ን ሲተረጉም፣ ልጁ ስላልተቃወመ ብቻ ተስማምቷል ተብሎ እንዳይወሰድ ያስጠነቅቃል። እንግሊዝኛው ይህን ለማለት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ፈጅቶበታል። በእኛ ቋንቋ «ዝምታ»ም «እሺታ»ም የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ሦስት ቃል ይበቃል፦ ዝምታ እሺታ አይደለም። «አማርኛ ለሳይንስ አይመችም» ለሚሉን ይህችን ትልኩልኛላችሁ።

ለወዳጄ የመለስኩለት ቅጽ ግርጌው እንዲህ ሆኗል፦ «ስለ ጥናቱ ነግረውኛል። ደም ከክንዴ እንደሚወስዱና ትንሽ እንደሚያመኝ ገብቶኛል። እምቢ ብል ማንም አይቆጣኝም፤ ሕክምናዬም አይቋረጥም።» ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «እምቢ»፣ አንዱ «እሺ»። የእምቢን ሳጥን ያስቀደምኩት አውቄ ነው።