ከጀማ ማዶ ያለው ፏፏቴ

እነዋሪ ያደገ ሰው ውሃ ሲወርድ አያለሁ ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ውሃ የሚወርደው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ የጅሩ መረሬ እግር ይዞ ያስቀራል፣ ሥራም ፋታ አይሰጥም። አያቴ ገደል የወረደችው ለጸበል ነው። ዳቦ ቆሎዋን ቋጥራ፣ ከጎረቤት ጋር ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ወርዳ ተሻግራ፣ ሽቅብ ሰላሌን ወጥታ ደብረ ሊባኖስ ትገባለች። ከአለቱ የሚወረወረው ጸበል ትከሻ ላይ ሲያርፍ ዱላ ነው ትለን ነበር።

የምትሄደው ለግንቦት 12፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዐፅም ለፈለሰበት በዓል ነው። ነሐሴ 24ም የጻድቁ በዓል ነው፤ ግን ጀማ ሞልቶ ሰው የሚወስድበት ወቅት ነውና የኛ አገር ሰው አይሞክረውም። ስለዚህ ገዳሙ አጠገብ ካለው የድንጋይ ድልድይ ግርጌ ወደ ገደሉ የሚወረወረውን ፏፏቴ በሙላቱ አላየችውም። በግንቦት ውሃው ቀጥኖ ነው የሚገኘው።

ያን በዓል ጣሊያንም ያውቀው ነበር። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር፣ በጄኔራል ማሌቲ አዛዥነት፣ መነኮሳቱና ምእመኑ ለግንቦት 12 እስኪሰበሰቡ ጠብቆ ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱን በማግስቱ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ወስዶ ረሸናቸው። ዲያቆናቱን ደግሞ ወደኛው አገር አምጥቶ ደብረ ብርሃን አጠገብ ፈጃቸው። ከዚያ በኋላ ግንቦት 12 ስንቅ መቋጠር እንደ ቀድሞው የቀለለ አልነበረም።

ድልድዩን አስጎብኚው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። የፖርቱጋላዊው የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ምጽዋ የደረሱት በ1533 ዓ.ም. ነው። ድልድዩን ያሠሩት ግን ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ሰላሌን የገዙት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት። የአንኮበር ንጉሥ ልጅ ለመንገደኛ ያሠራውን ለባሕር ማዶ ሰው መስጠት፣ እኔ እንጃ፣ ደግነታችን በዛ። ድንጋዩ የተያያዘው በሰጎን እንቁላል ነው የሚለውም ወሬ አለ። ሰጎን የቆላ አውሬ ናት፤ ለአንድ ድልድይ የሚበቃ እንቁላል ማን ሰብስቦ ደጋ አወጣው? ኖራ ይበቃል።

ዛሬ ፏፏቴውን ለማየት ብሎ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ በጎጃም በር ወጥቶ፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ሣር ይነጫል፤ ሰው ፎቶ ይነሳል። ወራቱ ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው፤ ጥቅምት ከገባ ውሃው ይጎድላል። የእነዋሪ ወጣትም ዛሬ በመኪና በአዲስ አበባ ዞሮ ይሄዳል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ግን ጀማ ሞላ ብሎ የሚቀር የለም።