ከበረዶው ላይ የተመለሰው ወንድም

እ.ኤ.አ. በ1569 በሆላንድ፣ አስፔረን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዲርክ ቪለምስ የሚባል አማኝ ከእስር አመለጠ። ወንጀሉ ካደገ በኋላ አምኖ መጠመቁና በቤቱ አማኞችን በስውር መሰብሰቡ ነበር። በስፔን ንጉሥ አገዛዝ ይህ በሞት ያስቀጣ ነበር።

ጠባቂ ተከተለው። ከፊታቸው ላዩ በስስ በረዶ የተሸፈነ ውኃ ነበር። ዲርክ በጭንቅ ተሻገረ፤ የእስር ቤት ምግብ አመንምኖት ስለ ነበር በረዶው ቻለው ይባላል። አሳዳጁ ግን ሰጠመ፤ “አድኑኝ!” እያለም ጮኸ።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ዲርክ ለመጾም ቀርቶ ለማሰብ እንኳ ፋታ አልነበረውም። “ጌታ ፈረደልኝ” ብሎ መሮጥ ይችል ነበር። እኛ ብንሆን በሚቀጥለው እሑድ ወጥተን የምንመሰክረው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም! እርሱ ግን ተመለሰና ሰውየውን ጎትቶ አወጣው። እንዲህ ያለው ነገር በረዶ ላይ አይጀመርም። ሮሜ 12 ስለ ተራበ ጠላት የሚለውን አስቀድሞ በቤቱና በሰፈሩ ለምዶት ነበር ብለን እናስባለን።

የዳነው ሰው ሊለቀው ፈለገ። የከተማው ሹም ግን ከማዶ ሆኖ መሐላውን አስታወሰው። ዲርክ ተያዘ፤ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ሜይ 16 ቀን በእሳት ተቃጠለ። ኃይለኛ ነፋስ እሳቱን ከላይኛው አካሉ ስላራቀው ሞቱ ረዘመ። ይህን መደበቅ አንፈልግም። “ይቅር በል፣ ሁሉ ይስተካከላል” የሚለው ስብከት ለዲርክ አልሠራም።

የዲርክ ወገኖች ከሆኑት ሜኖናይቶች የአገልግሎት ፍሬ አንዷ በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። እርስዋንም ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘግቶ መሪዎቿን አስሯል።

የእኛ በረዶ ግን ትንሽ ነው። በአጥር ድንበር ሁለት ዓመት የተካሰስነው ጎረቤታችን አንድ ሌሊት በራችንን ደበደበ፤ ልጁ ታሞበት መኪና ፈልጎ ነው። ልጁን ሐኪም ቤት አደረስነው። ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት፣ ድምፁን ለይተን እያወቅን፣ አልጋችን ላይ ዝም ብለን የተኛንባቸው ደቂቃዎች ነበሩ።