መካሪው ዝም ያለ ዕለት

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ አባባል መሠረት ሰውን የሚለውጡት ሁለት ናቸው፤ መካሪ ወይም መከራ። ሦስተኛ መንገድ ይኖር ይሆን? የሥነ ልቦና ሕክምና ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲፈልግ ካደረጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ነው።

ሮጀርስ ከ1928 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ፣ ችግር ላይ የወደቁ ልጆችን ሲረዳ ቆይቷል። በዚያ የገጠመውን ራሱ ጽፎታል። አንዲት እናት አስቸጋሪ ልጅ ነበራት። የችግሩ ሥር እሷ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ፊት መንሳቷ ነው ብሎ አመነ። ይህንኑ እንድታይ በብዙ ቀጠሮ ደከመ፤ አልሆነም። በመጨረሻ እንዳልተሳካላቸው ነገራትና ተጨባብጠው ተሰነባበቱ። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ አዋቂዎችንም ያማክር እንደሆነ ጠየቀችው። አዎ ቢላት ተመልሳ ተቀመጠች፤ የትዳሯን ሐዘንና የኑሮዋን ውጥንቅጥ ዘረገፈችው። እውነተኛው እርዳታ የተጀመረው ያኔ ነው፤ ለእሷም ለልጇም በጀ። የሚያመው የት ላይ እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ መሆኑን ሮጀርስ ከዚህች ሴት ተማረ።

በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ «በሽተኛ» በማለት ፈንታ «ባለጉዳይ» አለ፤ በሸክላ የተቀዳ የአንድ ሰው ምክክርም ቃል በቃል አስነበበ። በ1957 ደግሞ ከአማካሪው የሚጠበቁትን ዋና ጠባዮች ዘረዘረ፦ ሳያስመስሉ መቅረብ፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ስሜቱን በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት።

ይሁን እንጂ ማዳመጥ ብቻውን ጠጪን ከመጠጥ ያላቅቃል? አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ፣ ከወጣት ባለሙያዎች ጋር ሲወያይ የጠራለትን ሐሳብ በ1983 ጻፈ፤ በ1991 ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር መጽሐፍ አደረገው። ሐሳቡ ይህ ነው፤ «ልተው» እና «ልቀጥል» የሚሉ ሁለት ድምፆች በአንድ ጠጪ ልብ ውስጥ ይኖራሉ። መካሪው «ተው!» የሚለውን ይዞ ሲሟገት፣ ለጠጪው የሚተርፈው ሌላውን መከላከል ብቻ ነው። ስለዚህ አማካሪው እየጠየቀና እያዳመጠ፣ የመለወጡ ምክንያት ከራሱ ከባለጉዳዩ አፍ እንዲወጣ ይረዳዋል።

እኛም ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ጠጪውን ይመክራል። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፤ ማታ ግን ይጠጣል። ምናልባት ከዚያ «እሺ» በፊት አንድ ጥያቄ ተዘልሎ ይሆናል፦ አንተስ ምን ትላለህ?